ከአባቴ የወጣው ዘበኛ

የአባቴ ኢንሱሊን ማክሰኞ ጠዋት ከሰውነቱ ወጥቶ የግቢያችን በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አጭርና ከሲታ ሰው ነበር። ወገቡ ላይ ቁልፎች ተንጠልጥለዋል። አባቴ ወንድይፍራው ጥርሱን እየፋቀ አየውና ግባ፣ ቁርስ ብላ አለው።

«እኔ አልበላም» አለ ሰውዬው። «የሚመጡትን ተቀብዬ ክፍል አስገባለሁ። ውስጥ ሆኜም ሥራዬ ይኸው ነበር። ሲደክመኝ አየር ልቀበል ወጣሁ።»

«እንዲያ ከሆነ በርታ» አለ አባቴ፤ አፉንም ተጉመጠመጠ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የሚበላው ሁሉ በግቢያችን በር በእግሩ እየመጣ ይገባ ጀመር። ከቤታችን ጀርባ ቀድሞ ያላየናቸው ክፍሎች ተደርድረው ነበር፤ ዘበኛው እንግዶቹን የሚያስገባው እዚያ ነው። አባቴ ፉርኖ ዳቦ ሲበላ ነጭ የለበሱ ልጆች ተጋፍተው ገቡ፤ ዘበኛው ላብ እስኪያጠምቀው እየሮጠ ከፈተላቸው። ምስር ሲበላ ግን ካፖርት የደራረቡ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ መጡ። ካፖርታቸውን አውልቀው እስኪጨርሱ ዘበኛው ተቀምጦ ጠበቃቸው። ገብስም እንደዚሁ ነው። ድንች አታለለን። ሲታይ የረጋ ገበሬ ይመስላል፤ በሩን እንዳለፈ ግን ሩጫ ጀመረ። ለስላሳ ጨርሶ በር አያንኳኳም። አባቴ ጠርሙሱን ከአፉ ሳያነሳ ግቢው ሞልቶ ይገኛል።

ችግሩ ክፍሎቹ እምቢ ማለት መጀመራቸው ነበር። ዘበኛው ቁልፉን አስገብቶ ሲያዞር ከውስጥ «ሞልቷል» ይሉታል።

«ካልከፈቱስ?» አለች እናቴ።

«እንግዶቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ይቀራሉ።»

«ይቁሙ እንጂ፤ ማንን ይጎዳሉ?»

«ዝም ብለው መቆም አያውቁም» አለ ዘበኛው። «ሥራ የፈታ ስኳር ያገኘውን ይነካካል። ብዙ ጊዜ በእግር ይጀምራል።»

አባቴ እግሩን አየ። ሸማኔ ነው፤ የሽመናውን መርገጫ በባዶ እግሩ እየረገጠ ነው ያሳደገን።

ፉርኖውንና ለስላሳውን ተወ። ምስርና ገብስ ብቻ ሆነ ምግቡ። ሽማግሌዎቹ በቀስታ እየመጡ በቀስታ ገቡ። ዘበኛው ጉንጩ ሞላ፤ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያፏጭም ሰማነው። አንዳንዶቹ ክፍሎች ገና ቁልፉ ሲነካቸው መከፈት ጀመሩ።

በዚህ መሀል ወንድይፍራው ታሟል ተባለ። በሰፈራችን የታመመ ሰው በባዶ እጅ አይጠየቅም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቶቻችን ለስላሳ በሳጥን፣ ሙዝና ፉርኖ ይዘው መጡ። ከፊት እትዬ አጸደ ነበሩ፤ ለሠርግም ለለቅሶም የሚቀድማቸው የለም።

«ምነው እንዲህ ከሳህ? እህል ከለከሉህ እንዴ?»

«ጣፋጭ አይስማማኝም፣ እትዬ።»

«ያመጣሁት ማር ነው። ማር መድኃኒት ነው እንጂ ስኳር አይደለም። ንብ ሐኪም ቤት ስትገባ አይተህ ታውቃለህ?»

ሴቶቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ።

«ይቅርብኝ» አለ።

«በሞቴ!»

«እትዬ፣ እግሬን...»

«አፈር ስሆን! ወይስ የእኔ እጅ ቀፈፈህ?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ አፉን ከፈተ። ማር የተቀባውን ፉርኖ አጎረሱት። «አንድ ያጣላል» ብለው ደገሙት። የቀሩትም ተነሡ፤ አባቴን ከእትዬ አጸደ አሳንሳ የምትወድ መምሰል የፈለገች አንዲትም ሴት አልነበረችም።

ነጭ የለበሱት ልጆች የግቢውን በር ገንጥለው ገቡ። ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ የቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«እባካችሁ ይብቃ» አለ። «ክፍል የለም።»

እትዬ አጸደ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይሄም ምስኪን ጠውልጓል» አሉና አጎረሱት።

አፉ ስለሞላ መናገር አልቻለም። ወደ ግቢው ሲመለስ ልጆቹ በላዩ ሄዱበት። እናቴ ጎትታ ስታወጣው ቁልፎቹ ጎብጠው ነበር፤ እሱም እንደ ነጠላ ሳስቷል። አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በግቢው የቆሙት ልጆች ድምፅ ሳያሰሙ ወደ ቤት ገቡ። አባቴ የተቀመጠበት አልጋ ግርጌ ተንበርክከው ካልሲውን አወለቁና ጣቶቹን ይልሱ ጀመር።

«አባዬ፣ እግርህን እየላሱህ ነው» አልኩት።

«ማን?» አለ። ምንም አልተሰማውም።

«አያችሁ ፊቱ ሲበራ!» አሉ እትዬ አጸደ፤ ሌላ ለስላሳም ከፈቱ።

አውራ ጣቱ እንደሚጠባ ከረሜላ እየቀጠነ ሄደ። ከኋላ ያሉት ልጆች ተሰልፈው፣ ተራቸው እስኪደርስ ከንፈራቸውን ያረጥቡ ነበር።