የመምህሩ ሹራብ

ቀለሟ ሹራብ ስትሠራ እጇን ማየት አያስፈልጋትም ነበር። ገበያ ስትወርድ ልቃቂቱን ዘንቢሏ ውስጥ ጥላ፣ መርፌዎቹን እያፋተገች ትሄዳለች። «አካም ጅርታ?» ብሎ ሰላም ለሚላት «ፈያ» ብላ ትቆማለች፤ ጣቶቿ ግን አይቆሙም። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት መርፌ ይዛ ተቀምጣ ሽማግሌ ገሥጿታል። ሙያውን በልጅነቷ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር የተማረችው። አብረዋት የተማሩት ሴቶች ባል ሲያገቡና ልጅ ሲወልዱ ተዉት፤ እሷ ግን እያደር ባሰባት።

ባሏ ባቻ ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የሚሠራ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። በነቀምቴ የእነሱ ሰፈር ሕፃን ሁሉ ቀለሟ የሠራችውን ኮፍያ አጥልቆ ያደገ ነው፤ እናቶቹም ሲቀበሏት ይመርቋትና ዞር ስትል ከንፈራቸውን ይመጥጡላታል። ይህን ታውቃለች። ለባቻ የምትሠራለት ከዚህም ከዚያም በተረፈ ክር ነበር፤ አንዱ እጅጌ ቡናማ፣ ሌላው አረንጓዴ። «እኔ ከጆንያ ጋር ስታገል የምውል ሰው ነኝ፣ ደህና ክር አታባክኝብኝ» ይላት ነበር። እሷም ቃሉን እንዳለ ወሰደችው።

አንድ ክረምት ሳል ይዟት ክሊኒክ ስትሄድ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ደረቱ እንደ ሽሩባ የተጎነጎነ ሹራብ ለብሳ አየች። ክሩ እርስ በርሱ እየተሻገረ፣ እየተጠማዘዘ ከወገብ እስከ አንገት ይወጣል። ቀለሟ ሕመሟን ረሳችው። ቤቷ ገብታ ሞከረች፣ ፈታች፣ ደግማ ሞከረች። በመጨረሻ ከተሰበረ ጃንጥላ ላይ የነቀለችውን ሽቦ አሹላ ሦስተኛ መርፌ አደረገችው፤ የሚሻገረውን ክር እሱ ላይ አቆይታ ብትመልሰው ሽሩባው ወጣ። የመዳፍ ስፋት ያለው ቁራጭ ነበር፤ ባቻ ከሥራ ሲገባ አሳየችው። «ጥሩ ነው» አለና ውኃ አምጪልኝ አላት። ሽሩባውን በሙሉ ሹራብ ላይ ለማውጣት ግን ወፍራም፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ብዙ ክር ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ደግሞ አልነበራትም።

ክሩ የመጣው በመስከረም ነው። ዓምደሚካኤል የሚባል ወጣት መምህር ለክረምቱ ዕረፍት አገሩ መንዝ ሄዶ፣ እናቱን ቀብሮ ተመለሰ። እናቱ ሐረግወይን ከራሷ በጎች ጸጉር ሹራብ ይሁንልህ ብላ የፈተለችለት ግራጫ ክር ነበረው፤ የሚሠራለት ሰው ሳታገኝ ሞተችበት። ቀለሟ ሁልጊዜ ክር የምትገዛበት ጉራጌው ባለሱቅ ገብረመስቀል ነው ሁለቱን ያገናኛቸው። እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ገዢው ሁሉ እያየ፣ የመምህሩን ደረትና ክንድ በሲባጎ ለካች። ክሩን ስትዳስሰው አዲስ የተወለደ ልጅ የታቀፈች ያህል ሆነባት።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆነች። ባቻ ሲናገራት የምትሰማው ሲደግምላት ነው። ወጡ ያርርባታል። በሥራ መሐል ብቻዋን ታዜማለች። በትዳሯ ዘመን እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም ነበር፤ ደስታዋ ከየት እንደመጣ ግን ባቻም አልጠየቃት፣ እሷም አልነገረችውም። የማን ሹራብ እንደሆነም አላነሣችም፤ የሰው ሥራ እንደሆነ ያውቃል ብላ ነው።

የቀኙ እጅጌ ላይ ስትደርስ ክሩ አለቀባት። ገብረመስቀል እንዲህ ያለ ግራጫ እንደሌለው፣ ሲሬ ገበያ ግን አንድ ነጋዴ እንደሚያመጣ ነገራት። ክር ፍለጋ ሲሬ ደርሳ እንደምትመለስ ለባቻ ነግራ ቅዳሜ ማለዳ የጭነት መኪና ላይ ወጣች። ክሩን አገኘች። ከአሮጌው ጋር አስጠግታ ፀሐይ ላይ አየችው፤ በጥቂቱ ይጠቁራል፣ ቢሆንም ከብብት በታች ይደበቃል ስትል ወሰነች። ስትመለስ ዶፍ ጣለ። መኪናው ዳገት ላይ ጭቃ ውጦት ቀረ፤ ተሳፋሪውም በእግሩ ወደ ሲሬ ተመለሰ። ሻይ ቤት ያላት ዘርፈሽ የምትባል ጎጃሜ ሴት አሳደረቻት። ቀለሟ ክሩ እንዳይርስባት ቀሚሷ ውስጥ አቅፋው ተኛች።

እሑድ ቀትር ላይ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ነቀምቴ ገባች። መምህሩም በዚያው ቅዳሜ በሌላው መንገድ ወደ ኡኬ የታመመ ባልደረባውን ሊጠይቅ ወጥቶ ዝናብ አሳድሮት ነበር፤ የተመለሰውም በዚያው እሑድ ነው። የሲሬና የኡኬ መንገድ ጀርባና ጀርባ እንደሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ወሬ መንገድ አይጠይቅም።

ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ የጃንሆይ የዘውድ በዓል ዕለት፣ ተማሪዎች ባንዲራ ይዘው በሰልፍ ሲያልፉ መምህር ዓምደሚካኤል ከፊታቸው ነበር። ግራጫውን ሹራብ ለብሷል። ሽሩባው ደረቱ ላይ ወጥቶ ይታያል። ቀለሟ ከሰዉ መሐል ሆና ስታየው ትከሻው ላይ እንዴት እንደተቀመጠለት ብቻ ነበር ያየችው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ባቻ ከጎኗ ቆሞ ነበር። እሱ የሚያየው እሷን ነው።

ማታ ከራት በኋላ ጠየቃት።

«የደረቱን ስፋት በምን አወቅሽ?»

መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ሳቋ ጠፋ። ገብረመስቀል ሱቅ ሰው ፊት እንደለካችው ነገረችው። ሲሬ ያደረችበትን ቤት፣ ያሳደረቻትን ሴት ሁሉ ነገረችው። አቀርቅሮ ሰማት። ከዚያ ያለ ቁጣ፣

«እንዲህ ያለ ለእኔ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አታባክኝብኝ ትለኝ የለ?»

«እላለሁ» አለ ባቻ። «አንቺም ደስ ብሎሽ ትሰሚኛለሽ።»

ጥርጣሬው ሐሰት ነው፤ ያለው ግን እውነት ነው። በነጋታው ሹራቡን አምጥታ ዓይኑ እያየ እንድትፈታው፣ ያለዚያ አባቷ ቤት እንድትሄድ ቁርጡን ነግሯት ወጣ።

ቀለሟ ወደ ባቻ አክስት፣ ወደ አዳዳ ድርቤ ሄደች። አዳዳ ድርቤ ባቻን ያሳደገች፣ ቃሏ የሚከበር ባልቴት ናት። አንድ ልጇ ጃራ ወታደር ሆኖ ኦጋዴን ዘምቶ አስከሬኑ እንኳ አልመጣላትም። ነገሩን ከሰማች በኋላ ብዙም አላመነታችም፤ ሹራብ ከትዳር አይበልጥም፣ ተነሺ አብሬሽ እሄዳለሁ አለቻት። በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት እያየ፣ ሁለቱ ተያይዘው መምህሩ የተከራያት ክፍል ደረሱ።

ቀለሟ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ መሬት መሬት እያየች፣ የመጣችበትን ነገረችው። ወሬው ለእሱም ደርሶት ኖሯል። አልተከራከራትም። ሹራቡን ከላዩ አውልቆ፣ አጥፎ፣ በሁለት እጁ ሰጣት።

«እናቴ የፈተለችልኝ የመጨረሻ ነገር ነው፣ እትዬ ቀለሟ» አላት። «ግን ትዳርዎን የሚያሳጣዎት ከሆነ ይውሰዱት። እኔ ጋ ሆኖ ቤት ከሚያፈርስ ቢፈታ ይሻላል።»

አዳዳ ድርቤ አማርኛ አጥርታ አትሰማም። ምን አለ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀች። ቀለሟ የክሩን ነገር አስቀድማ አልነገረቻትም ነበርና አሁን ተረጎመችላት፤ ክረምት ላይ የሞተች እናቱ የፈተለችው ነው ይላል አለቻት። አሮጊቷ ሹራቡን ከቀለሟ እጅ ወስዳ በመዳፏ አሸችው፤ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ከዚያ ዘረጋችና ወደ መምህሩ ያዘችለት።

«ኡፈዱ፣ ያ ኢልማ ኮ» አለችው። ልበሰው ልጄ ማለቷ ነው። እስኪለብሰውም ከደጃፉ አልተንቀሳቀሰችም።

ሲመለሱ አዳዳ ድርቤ ለባቻ እኔ እነግረዋለሁ፣ መጣላት ከፈለገ ከእኔ ጋር ይጣላ አለች። ቀጥላም ቆም ብላ ፊቷን አየቻት።

«አንቺ ግን እውነቱን ንገሪኝ። ስትሠሪው ልብሽ ሰውየው ጋ ነበር?»

«ሹራቡ ጋ ነበር፣ አዳዳ።»

«ባቻ ጋስ?»

አሮጊቷም አላስጨነቀቻትም፤ ክንዷን ይዛ መንገዷን ቀጠለች።

ባቻ ከአክስቱ ጋር አልተጣላም፤ ቀለሟንም ሂጂ አላላትም። ግን ቤቱ ውስጥ ድምፅ ጠፋ። ሲወጣ ደህና ዋይ፣ ሲገባ እንደምን ዋልሽ፤ ከዚያ በላይ የለም። ማንም ሳይከለክላት መርፌዎቿን ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች። ጣቶቿ ግን አላርፍ አሉ፤ የነጠላዋን ጥለት ሲቋጥሩና ሲፈቱ ይውላሉ። ሴቶቹ አሁን ከንፈር አይመጥጡላትም፤ ስትመጣ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ያ ደግሞ ይብሳል። መምህሩ ዝውውር ጠይቆ ጊዳ አያና ተመደበ፤ ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። በእሷ ምክንያት መሆኑን አወቀች። አንድ ቀን ገብረመስቀል ሱቅ ስታልፍ ባለሱቁ፣ እኔ ምስክር ነበርኩ እኮ፣ የጠየቀኝ ግን የለም አላት።

ኅዳር ሲያልቅ ባቻ ለቡና ሥራ ጊምቢ ሄዶ ተመለሰ። ዕቃውን አስቀመጠና አንድ የወረቀት ጥቅል አልጋው ላይ ጣል አደረገ። ፈታችው፤ ውስጡ ወፍራም፣ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ክር ነበር። መርጦ የገዛው ራሱ እንደሆነ ገባት፤ ክር ገዝቶ አያውቅም ነበርና ካስፈለገው በላይ ነው ያመጣው። ለማን ነው አላለችውም። ጀርባውን እንደሰጣት፣ ጫማውን እያወለቀ፣

«ያንን ሽሩባ የሚመስለውን አታድርጊበት» አላት።

«እሺ» አለችው።

ልሙጥና ቀላል አድርጋ ሠራችው። አላዜመችም፤ ወጥም አላረረባትም። ስትሠራ አንዳንዴ ቀና እያለች ታየዋለች፤ ሲበላ ጀርባው እንዴት እንደጎበጠ፣ የቀኝ ትከሻው ከጆንያው ብዛት እንዴት ዝቅ እንዳለ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት እንደጀመረው አየች። ይህ ሁሉ መቼ ሆነ ብላ ራሷን ጠየቀች። ሹራቡን ስትጨርስ ወንበር ላይ አስቀመጠችለት፤ እሱም ጠዋት ለብሶት ወጣ።

ደጅ ቆማ በዓይኗ ስትከተለው ያው የዘመመው ትከሻ ላይ ሰፍቶት አየች። ጠራችው፤ አንድ ጊዜ አውልቀህ ስጠኝ፣ አስተካክልልሃለሁ አለችው። ቆመና ትከሻውን በእጁ ዳበሰ።

«ይሞቃል» አላት፤ መንገዱንም ቀጠለ።