ቀዩ ጠብታ ከየት ነው

"ቁልፉን አምጣ!" አለች ራቢአ እጇን ዘርግታ። "ከእንግዲህ ይህችን መኪና አትነካትም!"

ኩምሳ ቁልፉን አልሰጣትም። የግቢው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ፣ ከነጯ መኪና ሥር የተኛውን ቀይ ዘይት በጣቱ እየነካ ያያል። ትናንት ማታ የመዳፍ ያህል ነበር። ዛሬ ጠዋት ትሪ አክሏል።

"እማማ ራቢአ፣ አልመታኋትም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልመታኋትም።"

"ታዲያ በራሷ ደማች? እሁድ ለለቅሶ ብለህ ሆለታ ወስደሃት፣ ያንን የድንጋይ መንገድ ሆዷን አስፍቀሃት መጣህ። ያኔውኑ ብትነግረኝ ሰድቤህ እተውህ ነበር። የሚያንገበግበኝ ውሸቱ ነው። ውሸታም ቤቴ ውስጥ አላኖርም!"

ራቢአ ቀስ ብሎ ማውራት የሚባለውን ነገር አልፈጠረባትም። ዓለም ገና ላይ ካለው የጨርቅ ሱቋ ሆና ስትናገር ከአስፋልቱ ማዶ ያሉ የባጃጅ ሹፌሮች ይሰሟታል። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ገለቴ፣ የኩምሳ እናት፣ ለላሟ ፉርሽካ ስታሽ ይሰማ የነበረው የባልዲ ድምፅ ቀጥ አለ። ሴትዮዋን አንድም ቃል አላመለጣትም።

ኩምሳ ቀና ብሎ አጥሩን አየ። በዚያ አጥር ሥር ነው ያደገው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጀምሮ የራቢአን ጨርቅ ቡራዩና ሱሉልታ ላሉ ደንበኞቿ የሚያደርሰው እሱ ነው። መኪናዋን ባሏ ከድሩ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ነው ጥሎላት ያለፈው። አሮጌ ናት፣ አውቶማቲክ ናት፣ ግን አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላት አታውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ከሰው ብዙም አይገኝም።

ልጇ የህያ በስልክ ነገሩን ጨርሶታል። "ቀይ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ነው፣ እማ። ካምቢዮው ተመቶ ነው። ያንን ልጅ አሰናብቺው፤ የሚስቴን ወንድም ጃዕፈርን ከሰዓት በፊት እልክልሻለሁ። ካምቢዮው የማይሆን ከሆነ ደግሞ ለመለዋወጫ እንሸጣታለን።"

እንሸጣታለን! ሜርካቶ ተቀምጦ የሰው መኪና የሚሸጥ!

"ሰበታ ጋራዥ ላድርሳት" አለ ኩምሳ እየተነሣ። "ከየት እንደሚፈስ ይታይ። መትቻት ከሆነ ምልክት ይኖረዋል። ምልክቱን አይቼ እሄዳለሁ።"

ማየት የሚለው ቃል ራቢአን ያዛት። ይህች ሴት ጥጥ ነው ያሏትን ጨርቅ ሳታምን ክር መዝዛ፣ ክብሪት ለኩሳ፣ ሽታውን አሽትታ ነው የምትገዛው። ማንም ነገረኝ ብላ ገንዘቧን አውጥታ አታውቅም።

"እኔም አብሬ አያለሁ" አለች። "የጎደለውን ዘይት ጨምርና ንዳ። በዚያው ቁልፉን ለመካኒኩ ለዱባለ ታስረክባለህ።"

ከዓለም ገና ወደ ሰበታ ተነሡ። መኪናዋ ማርሽ ስትቀይር ትዘገይና ብድግ ትላለች፤ ብድግ ባለች ቁጥር ራቢአ "ያ ረቢ" ትላለች፤ ኩምሳ መንገዱን ያያል። የጭነት መኪኖች በግራ በቀኝ እያጓሩ ያልፏቸዋል።

የዱባለ ጋራዥ ቆርቆሮ ጣሪያና መኪና ከላዩ የሚቆምበት ጉድጓድ ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለውም። ሰውየው ግን በዓይኑ ሳያይ አይናገርም፤ ለዚህ ነው ራቢአ የምትታገሠው።

"አካም ቡልተን፣ እማማ!" አለ ዱባለ፣ እንዴት አደሩ ሲል በኦሮምኛ።

"እኔስ ነጋ ነኝ፣ ደህና ነኝ። ነጋ ያልሆነችው እሷ ናት" ብላ መኪናዋን አሳየችው። "ይሄ ልጅ ከሥር መትቷት ካምቢዮዋን አፈሰሰው። የት ጋ እንደመታት አሳየኝ።"

ዱባለ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ራሱን እየነቀነቀ ብቅ አለ።

"ይህችን መኪና ማን ነው የጠበሳት?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ካምቢዮው ዘይት፣ ሞተሩ ዘይት፣ ሻንሲው ዘይት፣ ጭስ ማውጫዋ ሳይቀር ዘይት። ሁሉም ዘይት ከሆነ የሚያፈሰውን ከማያፈሰው በምን ልለየው?"

ራቢአ አገጯን ቀና አደረገች። "እሱ ፍሳሽ አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ላቫጆ አስገብቼ ከሥር ናፍጣ አስረጫታለሁ። ከተቃጠለ ዘይት ጋር ደባልቀው ነው የሚረጩልኝ፣ ዝገት እንዳይነካት። ሰው ሁሉ ያስረጫል፤ ግን አንዴ አስረጭቶ ዓመት ይተኛል። በዚህ ሰፈር ሆዷ እንደ እኔዋ የሚያበራ መኪና የለም።"

"ሆዷን ማን ያይላታል?" አለ ኩምሳ።

"አንተ ዝም በል። ተባረሃል።"

ዱባለ ሳቁን ዋጠ። "እንግዲህ መጀመሪያ ትታጠባለች። በቤንዚን ትፈተጋለች፣ በሳሙና ትለቀለቃለች፣ ስትደርቅ ፓውደር እንነሰንስባታለን። የሕፃን ፓውደር። ነጭ ላይ ቀይ አይደበቅም።"

"እንደ ሙሽራ ልትኳኩላት ነው?" አለች ራቢአ። ሐሳቡ ግን ገባት። ነጭ ጨርቅ ላይ እድፍ እንደማይደበቅ ለእሷ የሚነግራት የለም።

በርጩማ ሰጧት። አልተቀመጠችበትም። ኮፈኑ ሥር አንገቷን አስገብታ ዱባለን መቆሚያ ነሳችው።

"ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው?"

"የሞተር ዘይት።"

"አረንጓዴውስ?"

"የራዲያተር ውሃ። ቀይ ደግሞ ሁለት አለ። የካምቢዮውም ቀይ ነው፣ የመሪውም ቀይ ነው።"

"ሁለት ቀይ?" ራቢአ ቀና አለች። "ታዲያ የህያ በስልክ ካምቢዮ ነው ያለኝ በምን አውቆ ነው? የመሪው ቢሆንስ?"

"ጥሩ ጠየቁ። ይኸው፣ የመሪው ዕቃ እስከ መስመሩ ሙሉ ነው። የካምቢዮው ደግሞ ያን ያህል ተጨምሮበት ጎድሏል። የካምቢዮው ነው።"

በዚህ ጊዜ ንዴቷን የት እንዳስቀመጠችው እንኳ ረስታለች። መኪናዋ ታጥባ ስትደርቅ ዱባለ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ፣ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ሻሿን አጠበቀች።

"እማማ፣ ይወድቃሉ።"

"ስወድቅ ታነሣኛለህ።"

ኩምሳ ክንዱን ሰጣት። የተባረረ ሰው ክንድ መሆኑ ትዝ ያላት ከወረደች በኋላ ነው።

ከታች መኪናዋ ሌላ ናት። ራቢአ ስንት ዓመት የተቀመጠችበትን ነገር ከሥሩ ስታየው አፏን ከፍታ ቀረች። ብረቱ፣ ቱቦው፣ ጎማው፣ እርስ በርሱ የተሸራረበ። ዱባለ ጠፍጣፋውን ብረት አንኳኳላት።

"ይሄ ኮፓው ነው። የካምቢዮው ዘይት የሚጠራቀምበት ድስት ይበሉት።"

"ድንጋይ ቢመታት የት ነው የሚያገኛት?"

"እዚሁ ነው። ከዚህ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ የለም።"

ራቢአ መዳፏን ዘርግታ ኮፓውን ዳበሰችው። ጣቃ ጨርቅ ዘርግታ ነቁጥ ስትፈልግ እንደምታደርገው ከዳር እስከ ዳር፣ ከዚያም ተመልሳ። መዳፏን ምንም አልያዘውም። ጭረት የለም፣ ጉድጓድ የለም።

ኩምሳ ከላይ ጎንበስ ብሎ ይጠብቃል። "አገኙ?"

"ታዲያ ዘይቱ ከሰማይ ነው የወረደው?" አለች፣ መልስ ላለመስጠት።

ዱባለ ፓውደሩን ነሰነሰ። የመኪናዋ ሆድ ሁሉ ነጭ ሆነ፤ የራቢአም ሻሽ አብሮ። ኩምሳ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ፍሬኑን ረግጦ፣ ማርሹን ወደ ፊትም ወደ ኋላም እየለዋወጠ ቆየ። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለቱም በእጅ ስልክ መብራት አንጋጠው ያያሉ። ሞተሩ ሞቀ። ምንም የለም። የራቢአ አንገት መቆልመም ጀመረ፤ ዓይኗን ግን አልነቀለችም።

"ያቻት!"

ኮፓው ጠርዝ ላይ ቀይ ዶቃ የመሰለች ነገር አበጠች፣ ተንጠለጠለች፣ ወደቀች።

"የምትወድቅበትን ተዉት" አለ ዱባለ። "ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስንነዳ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ወደ ላይና ወደ ፊት ነው የምንሄደው።"

ራቢአ መብራቱን ወደ ላይ አዞረች። ፓውደሩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ይታያል። ተከተለችው። በካምቢዮው ጎን ወጣ፣ አንድ ብሎን ዞረ፣ ጨለማ ውስጥ ገባ። አንገቷን አጣመመች። ወጣ። ወደ ራዲያተሩ የሚሄድ የብረት ቧንቧ ጫፍ ላይ፣ አውራ ጣት የምታህል ጎማ ቱቦ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቱቦዋ ማሰሪያዋ አጠገብ አብጣለች።

"እዚህ ነው" አለች በሹክሹክታ። ከተወለደች በሹክሹክታ ስታወራ ይህ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

ዱባለ ሞተሩን አስጠፋና ቱቦዋን ጫን አላት። እንደበሰለ ሙዝ ገባችለት። ከጎኗ ቀይ ላብ አላበች።

"የካምቢዮው ዘይት ሲሞቅ በዚህ አልፎ ራዲያተሩ ጋ ይበርድና ይመለሳል። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ካምቢዮው ጤነኛ ነው። የሞተችው ይቺ ቱቦ ናት።"

"አርጅታ ነዋ?"

"ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ይቺ አልደረቀችም፤ አብጣ ሟሙታለች።" ዱባለ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ጠርጎም አልጨረሰ። "ናፍጣ ጎማ ይበላል፣ እማማ። በዓመት አንዴ ቢነካው አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ሲጠጣ ግን…"

ራቢአ መብራቱን ይዛ የጎማ ዘር ያለበትን ሁሉ ትጫን ጀመር።

"ይሄስ?"

"እሱም ጀምሮታል።"

"ይሄስ?"

"እሱ ገና ነው።"

ከጉድጓዱ ወጣች። ኩምሳ ሁሉንም ከላይ ሆኖ ሰምቷል፤ ግን አላሳቀውም። ቢስቅባት ይሻላት ነበር፤ ትሰድበው ነበር።

ዱባለ ዘይት የሚችል ቱቦ ከመለዋወጫ ሱቅ አስመጣ፣ በአዲስ ማሰሪያ አሰረ፣ ዘይት ሞላ፣ ሞተሩን አሙቆ ለካ። ፓውደሩ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ይህን ጊዜ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ጃዕፈር ወረደ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ።

"አሰላሙ ዐለይኩም። የህያ ነው የላከኝ፤ እዚህ እንዳላችሁ ጎረቤት ነገረኝ። ቁልፉን እንድረከብ።"

ኩምሳ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። "ይኸው። ምልክት እንደሌለ አይተዋል፣ እማማ። እኔ ልሂድ።"

"የት ነው የምትሄደው?"

"አባረውኛልኮ።"

"አባረርኩህ። አሁን ደግሞ ግባና ንዳ።"

"እንደሱ አይሆንም።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ሲያባርሩኝ ጮኸው ነው። ውሸታም ሲሉኝ እናቴ ሰምታለች፣ ሰፈሩ ሰምቷል። አሁን ጋራዥ ውስጥ ቀስ ብለው ንዳ ይሉኛል። ነገ ሰው የሚያውቀው ጠዋት የሰማውን ነው።"

ዱባለ የብሎን መፍቻዎቹን ሊለቅም ዞር አለ። ጃዕፈር መሬት መሬት አየ። ራቢአ ደሞዝ ልጨምርልህ ልትል አፏን ከፈተች፤ ፊቱን አየችና መልሳ ገጠመችው። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ሌላ ሰው ሲላት ነው የምታውቀው። ከድሩን እንኳ በቁሙ አላለችውም።

ዱባለ ያበጠችውን ቱቦ ወደ ብረታ ብረቱ ክምር ሊወረውር እጁን አነሣ።

"ወዲህ በላት" አለች።

"ምን ያደርግልዎታል?"

"የእኔ ናት። አምጣ።"

በብጣሽ ጨርቅ ጠቅልላ ያዘቻት። ከዚያ ወደ ጃዕፈር ዞረች። "ልጄ፣ ባጃጁ ሳይሄድ ድረስበት። የህያን፣ መኪናዋ አትሸጥም፣ ሹፌርም አላት በለው። ማን እንዳበላሻት ማታ ራሴ እነግረዋለሁ።"

ጃዕፈር ሄደ። ኩምሳ ቁልፉን እንደያዘ ቆሟል። ራቢአ ዞራ ፊት ወንበር ላይ ገባች፤ ቱቦዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ብዙ ቆይቶ፣ እሱም ገባ።

"ወዴት ነው?"

"እናትህ ጋ።"

"ምን ሊሏት?"

"የማወራው እኔ ነኝ። አንተ ንዳ።"

መኪናዋ ማርሿን ሳትዘል ቀየረች። ዓለም ገና ገብተው ወደ ሰፈራቸው አቧራማ መንገድ ሲታጠፉ ባጃጆቹ ተደርድረዋል፣ የአትክልት ሻጮቹ ጥላ ሥር ናቸው፣ ገለቴ በሯ ላይ ቆማለች። ኩምሳ አቧራው እንዳይገባባት የራቢአን መስኮት ሊዘጋ መዝጊያውን ነካ።

"ተወው" አለች ራቢአ፣ ጉሮሮዋን እየጠረገች። "ክፍት ይሁን።"