በአስናቀ ብልቃጥ የቀረው

የኔአለም ጠዋት ከቤቷ የምትወጣው የወረኢሉ አውቶቡስ ጥሩምባውን ሲነፋ ነው። ያን ቀንም እንደ ወትሮው ሆነ። ፊቷን ታጠበች፣ የማታውን ቂጣ በሻይ በላች፣ ጥቁር ሹራቧን ደርባ በሯን ቆለፈች። መካነ ሰላምን ጉሙ ገና አልለቀቃትም። የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ «እንዴት አደሩ መምህርት፣ ብርዱ በረታብን» አላት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላው አለፈች። ቤተ ሙከራው ስትደርስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከመደርደሪያው ጥግ ትንሿን ብልቃጥ አነሳችና በሹራቧ ውስጥ ብብቷ ሥር ሸጎጠቻት።

ብልቃጧ ውስጥ ያለውን የሠራው ባሏ አስናቀ ነው። ሲያዩት ውሃ ይመስላል፤ ነገር ግን ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን የፖሊመር እንክብሎች ተንሳፈውበታል። ሲበርዳቸው ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ። ሞቅ ሲላቸው የጠጡትን ተፍተው ይኮማተራሉ፣ ያን ጊዜ ፈሳሹ እንደ ወተት ይነጣል። አስናቀ ብልቃጧን በመዳፉ ጨበጥ አድርጎ ነበር የሚያነጣት፤ እጁ ትኩስ ነበር። የየኔአለም እጅ ግን ለዚህ ደጋ ጠዋት አይበቃም። ስትነጣ አየቻትና ወደ ቦታዋ መለሰቻት። አስናቀ ካረፈ ወዲህ በእጁ ከሠራው የቀረው ይኸው ብቻ ነበር።

ጥቂት ቆይታ ሀዲያ ገባች። ሀዲያ የማስተርስ ተማሪዋ ናት፤ ከመማሯ በፊት ጂዳ ሰው ቤት ሠርታለች። ከዚያ ስትመለስ ግራ ክንዷ ላይ የዘይት ቃጠሎ ጠባሳ ይዛ መጣች። ከቃጠሎው ይልቅ የማትረሳው ፋሻው ሲነሳ የነበረውን ነው፤ ቆዳዋን ይዞ ነበር የሚላቀቀው። ስለዚህ ለመመረቂያዋ እንደነዚህ ያሉ እንክብሎችን ራሷ ሠርታ፣ እንደ መረብ አስተሳስራ ስስ ፋሻ ልትሠራ ተነሳች፦ በገላ ሙቀት የሚይዝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስበት ያለ ሕመም የሚነሳ።

መረቡ ደህና እንዲሆን እንክብሎቹ መጠናቸው እኩል መሆን አለበት። የሀዲያ ግን እኩል አልሆን ብለዋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል የውሃው ሙቀት ይዋዥቃል፤ አንዱ እንክብል ቀድሞ ይፈጠራል፣ ሌላው ዘግይቶ፤ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ጭንጋፍ ይወጣል። ደጋግማ ሞክራ ደጋግማ ደፍታለች።

«እንግዲህ ይኸው ነው» አለ የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን አለኸኝ፣ የናይትሮጅኑን ሲሊንደር በጣቱ እያንኳኳ። አየር ከገባ ሥራው ስለሚቆም በናይትሮጅን ማስወጣት ግድ ነው። «ለአንድ ጊዜ ይበቃል። ከደሴ ሌላ እስኪመጣ አንቺም የመመረቂያሽ ቀን ያልፍብሻል። ከዚህ በኋላ ራስሽ ብትነፊበት ነው።»

«የኔ ትንፋሽማ አየር ነው፣ ያበላሸዋል።»

«ወሬሽ ራሱ ያበላሸዋል።»

የኔአለም ፈገግ አለች። «ሌላ መንገድ አላሰብሽም?» አለቻት።

ሀዲያ አቀረቀረች። «ቀድሞ የተሠራ እንክብል ቢገኝ እሱ ዘር ይሆን ነበር፣ ቲቸር። አዲሱ እላዩ ላይ እኩል ይለብሳል። ሙቀቱ ትንሽ ቢዋዥቅም አይጎዳውም። ግን ዘር የለም።»

አለኸኝ ሲሊንደሩን እንደ አዲስ ማየት ጀመረ። ዘሩ እንዳለ ሦስቱም ያውቃሉ። አለኸኝ መደርደሪያውን ሲያጸዳ ያቺን የጥግ ብልቃጥ ሳያነሳ ዙሪያዋን ብቻ ነው የሚወለውለው። ሀዲያም ስንት ጊዜ አጠገቧ ቆማ ጠይቃ አታውቅም። ዛሬም የጠየቀ የለም። የኔአለምን የከበዳት ይኸው ነበር፤ ቢጠይቋት እንቢ ማለት ትችል ነበር።

ሄዳ ብልቃጧን አመጣችና ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት።

«እሱማ አይሆንም» አለች ሀዲያ። «በዚህ መመረቅ ለኔ ሐራም ነው።»

«ሐራሙ ተቀምጦ መቅረቱ ነው።»

«እንግዲያው ግማሹን ብቻ።»

«ግማሹን አስቤዋለሁ» አለች የኔአለም። «ዘሩ ካነሰ አዲሱ የሚለብሰው አጥቶ ለብቻው ይፈጠራል። ያን ጊዜ የሱም ይባክናል፣ ያንቺም።»

አለኸኝ ጋዙን ከፈተ፣ የውሃው ገንዳ ጋለ፣ በብርጭቆው ውስጥ የሀዲያን ቅልቅል የሚያማስለው ማግኔት መዞር ጀመረ። የኔአለም ብልቃጧን በሁለት መዳፏ ይዛ ቆመች። እንድትነጣ ፈልጋ ነበር፣ ግን አልነጣችም። ሀዲያ ጠጋ አለችና እጇን በመምህሯ እጅ ላይ ደረበች። ቆየት ብሎ ፈሳሹ ከዳር ጀምሮ እየደፈረሰ ነጣ።

«ቢስሚላህ» አለች ሀዲያ።

«በስመ አብ» አለች የኔአለም።

«ጋዙ እየሄደ ነው፤ ሁለታችሁም አሳጥሩት» አለ አለኸኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

የኔአለም ፈሳሹን ብርጭቆው ውስጥ ገለበጠችው። ጠርዙ ላይ የቀረውን በጥቂት ውሃ አለቅልቃ እሱንም ጨመረችው። መብራቱ በመካከሉ ተዋዠቀ፤ ሀዲያ በአረብኛ የሆነ ነገር አነበነበች፤ መብራቱም ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሀዲያ ከአዲሱ ፈሳሽ አንድ ጠብታ ስስ መስታወት ላይ አደረቀች። የበፊቶቹ ሲደርቁ አመድ ነበር የሚመስሉት። ይኼኛው መስታወቱን ሲያዘነብሉት አረንጓዴ ሆነ፤ ደግሞ ሲያዘነብሉት ወደ ቀይ ሄደ። እኩል እንክብል ብቻ ነው እንዲህ ቀለም የሚያወጣው። አለኸኝ ከእጇ ነጥቆ ደጅ ወጣና በፀሐይ አየው። «ይቺ ልጅ ልትመረቅ ነው መሰለኝ» እያለ ተመለሰ።

ሀዲያ አልሳቀችም። የኔአለምን ታያት ነበር። «አብሽሩ ቲቸር» አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንክብሎቹ አሉ እኮ። በእያንዳንዱ መሃል የጋሼ አስናቀ አለ።»

«አለ» አለች የኔአለም። «መለየት ግን አይቻልም።»

ከዚያም ስለ ፋሻው ተነጋገሩ፤ መረቡ በምን እንደሚተሳሰር፣ በየትኛው ቀን እንደሚጀመር። ሀዲያ ወደ ሥራዋ ሄደች። የኔአለም ባዶዋን ብልቃጥ አጥባ ከሌሎቹ ንጹሕ ብልቃጦች ጋር ደፋቻት።

ሌላ እጅ ያልገባበት፣ አስናቀ ብቻውን የሠራው፣ አንድ ጠብታ እንኳ ከእንግዲህ የለም።