የሰሊጥ ነጋዴው ፊልም

ገዳሪፍ ላይ ሥራ ፈላጊው ሁሉ ስለ አንድ ፊልም ያወራል። ከሰሊጥ አጫጅነት ተነስቶ ስመ ጥር ነጋዴ የሆነው የመኳንንት ታሪክ ለገና ሊታይ ነው አሉ። እኔን ግን ወሬው አንገሽግሾኛል።

«የሀብታም ፊልም ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ጮኽኩ።

አብራኝ የምታጭደው ሲሃም ማስታወቂያውን በስልኳ አሳየችኝ። ወጣቱ መኳንንት እኛ በየጠዋቱ ሥራ የምንጠብቅበት አደባባይ ላይ ቆሟል። ሠራተኛ ወደ እርሻ የሚወስደው ሎሪ ሌሎቹን ጭኖ፣ እሱን አቧራ አልብሶት ይሄዳል። ማስታወቂያው እዚያ ላይ ያበቃል።

በማግስቱ ሎሪው እኔንም ሲሃምንም ጥሎን ሄደ። ልሳደብ አፌን ስከፍት፣ እሷ ከነጠላዋ ላይ አቧራውን እያራገፈች ሳቀች።

«ዝም በል ባዬ፣ ፊልማችን ገና መጀመሩ ነው!»