የቅዳሜ ፍላጻዎች

ሌላንድ ቴሳር አሥራ አራት ወረቀቶቹን በክላሰር ሰክቶ፣ ፕላት ወንዝ ዳር ወዳለው የስካውቶች ካምፕ ደረቱን ነፍቶ መጣ። ልጁ ኮራ አሥር ዓመቷ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከፍቺው በኋላ በተከራየው ቤት ጓሮ፣ ድርቆሽ ላይ ዒላማ ለጥፎ ቀስት ሲያለማምዳት ከርሟል። ስንት ፍላጻ እንደለቀቀች፣ ስንቱ እንደገባ፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ ሁሉንም ጽፎ ከሥሩ ፈርሟል። ብቻውን የሚኖር ሰው መጻፍ ያበዛል።

ፍርድ ቤት የሰጠው እሑድን ብቻ ነበር። ቅዳሜን የጨመረችለት የቀድሞ ሚስቱ ዳርሊን ናት፤ «ስካውቶች የሚሸልሙትን የቀስት ባጅ እስክታገኝ ውሰዳት» ብላ።

መዝጋቢዋ ወይዘሮ ቬርና ክላሰሩን ገለጥ ገለጥ አድርገው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ።

«ተቆጣጣሪው ማን ነበር?»

«እኔ ነኛ!»

«አይ ሌላንድ! የጓሮ ልምምድ ለባጁ አይቆጠርም። ካምፕ ውስጥ፣ የሠለጠነ ተቆጣጣሪ ቆሞ ካላየው እንዳልነበረ ነው። ያንተ ፊርማማ ለሣር ማጨጃ ዋስትናም አይበቃም።»

«አሥራ አራት ቅዳሜ እኮ ነው!»

«ዓመት ሙሉም ቢሆን። ይልቅ የዛሬው ፈተና ሳይዘጋ ትግባ፤ ከአሥራ ሁለት ፍላጻ ዘጠኝ ከመታች ባጇን እዚሁ እጽፍላታለሁ።»

ደሙ ፈላ። ግን ደንብን በምን ይከራከሩታል? ሌሎቹ ወላጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከቆሙበት ገመድ ኋላ ሄዶ ብቻውን ቆመ። ፊሽካው ተነፋ። ከኮራ የሚታየው ጀርባዋ ብቻ ነው።

በጣቱ ቆጠረ። አሥራ አንድ ለቅቃ ስምንቱ ገቡ። አንድ ቀራት። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ዱብ ያለበት፦ ይቺ ከገባች ቅዳሜ አበቃ። እሱ ደግሞ የሚያበቃበትን ወረቀት በገዛ እጁ ተሸክሞ መጥቷል።

«ሳቺ» አለ በልቡ። ወዲያው አፈረ። የገዛ ልጁ እንድትወድቅ የሚመኝ ምን ዓይነት አባት ነው?

ፍላጻዋ ከዒላማው በላይ አልፋ ሣሩ ውስጥ ገባች። ወይዘሮ ቬርና «ስምንት» ብለው ጻፉ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ካምፕ አለ።»

ወደ ዳርሊን ቤት ሲመለሱ፣ መኪናው ውስጥ ሌላንድ ጠየቃት።

«የመጨረሻዋን ምን ነካሽ? ጓሮ ውስጥ ዓይንሽን ጨፍነሽ የምትመቺውን!»

«ነፋስ ነው።»

«ነፋስ አልነበረም፣ ኮራ።»

ልጅቷ የጉልበቷን ቁስል ቅርፊት ስትነካካ ቆየች። «የጓሮው እንደማይቆጠርም አውቅ ነበር፣ አባዬ። መጀመሪያ ቀን ነግረውናል።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ስትጽፍ ደስ ይልህ ነበራ! ደግሞ ባጁን ካገኘሁ ቅዳሜ ያልቃል።»

 «እኔም እንድትስቺ ተመኝቼ ነበር» ሊላት ፈለገ፤ ግን ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ዳርሊን በሩን ከፍታ ኮራን አስገባች። «እህስ፣ አለቀ?»

«አንድ ጎደላት።»

«ወይ ጉድ! እንግዲህ እስከ መስከረም ትለማመዳ።»

በሩ ተዘጋ። የፈለገውን አገኘ፤ ግን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቁልፉን ማዞር አቃተው። መስከረምም ይመጣል፤ ልጅቷ ለእሱ ስትል እንደገና ልትስት ነው። ክላሰሩን ይዞ ተመለሰና አንኳኳ።

«ዳርሊን፣ ሆን ብላ ነው የሳተችው። ቅዳሜ እንዳይቀርብኝ ብላ።» ክላሰሩን ደረቱ ላይ አቀፈ። «መስከረም ላይ ባጇን ትውሰድ። ቅዳሜን ግን... ያለ ቀስትም ስጪኝ። ናፍቆት ገደለኝ። ቤቱ ጭር ብሏል።»

ዳርሊን ክላሰሩን፣ ቀጥሎም እሱን አየች።

«ይህን ለማለት አሥራ አራት ወረቀት ፈጀብህ?» አለችው። ከዚያ ድምጿን ቀነሰች። «ቅዳሜ እንዳታረፍድ።»

በሩ ከተዘጋም በኋላ ሌላንድ ክላሰሩን እንዳቀፈ ደጁ ላይ ቆሞ ቀረ።