ዱርሲቱና ቀዩ የስፖርት መኪና

«ከቡራዩ እስከ ሰበታ ዱርሲቱን የሚያቅታት ጎማ ገና አልተሠራም» አለች ዱርሲቱ፣ የጎማ መፍቻ ብረቷን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ነው። ሾፌሩ ኪሩቤል የአለቃውን ቀይ የስፖርት መኪና ከሆለታ ወደ አዲስ አበባ ሲነዳ የጎማ መብራት በራበትና ቡራዩ፣ የዱርሲቱ አባት የኦቦ ቦሩ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ ቆመ። አባቷ አልነበሩም።

«እህቴ፣ የዚህ መኪና ጎማ በማሽን ነው የሚፈታው ብለውኛል። መንገዱ ሳይዘጋ ሌላ ቦታ ልፈልግ።»

«ማሽኑ እኔ ነኝ። አንተ ዝም ብለህ ዳር ቁም።»

አስፋልቱ ላይ ወጣቶች ድንጋይ መደርደር ጀምረዋል። ዱርሲቱ ጎማውን አውልቃ ብረቱን ሰካችና ተንጠለጠለችበት። የጎማው ጎን ግን እንደ ግንድ ደርቆ ንቅንቅ አልል አላት። በሦስተኛው ሙከራ ተቀደደ። ያኔ መንገዱም ተዘግቷል፤ መንገዱ ላይ የሚነደው ጎማ ጭስ እስከ ደጃፋቸው ደርሷል።

«መኪናው ቢቃጠል አለቃዬ በቁሜ ይቀብረኛል» አለ ኪሩቤል፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ።

ኦቦ ቦሩ በጓሮ በኩል እያለከለኩ ገቡ።

«አባ፣ ጎማው ድሮም እንከን ነበረው» ብላ ቀደመቻቸው።

ኦቦ ቦሩ ቀዳዳውን ዳሰሱ።

«ይሄ ያለ አየርም እንዲሄድ የተሠራ ጎማ ነው። ባትነኪው ኖሮ ሰውየው አሁን አዲስ አበባ ገብቶ ነበር።»