የዘነበች መጅና የቅጣው ቮልስ

ቅጣው ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ የኔ የሚለው ነገር አንድ ካፖርትና አንድ የማያርፍ ምላስ ብቻ ነበር። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ሐራጅ አንዲት አሮጌ ቮልስ ገዝቶ፣ በጭነት መኪና አስጭኖ የመንዟ ሞላሌ ሲያስገባት አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አዘነለት፣ ግማሹ ሳቀበት። ሞተሯስ ደህና ነበር። ገላዋ ግን ተገልብጣ የተነሣች ስለሆነች የቀኝ የጎማ ክዳኗ፣ ፓራፋንጎዋ፣ ተጨማዷል፣ የቀኝ በሯ ጎድጉዷል። ግራዝማች ገሠሠ ያን ሰሞን ለገበያ ወጥተው አይተዋት «ይችን ጣሳ ምን ረገጣት?» ብለው ጠየቁ፤ ሲስቁም ዋሉ።

ግራዝማች ገሠሠ በመሐል ሜዳ መንገድ ዳር የሚኖሩ የድሮ ባላባት ናቸው። ማዕረጋቸውን አብዮቱ ከሻረው ቆይቷል፤ ለአገሬው አፍ ግን አዋጁን ያነበበለት የለም። ልጃቸው መምህር ፈንታ የቅጣውን ልጅ አሰጋሽን አጭቶ ሰርጉ ለጥር ተቆርጧል። ቅጣውም «ልጄን በዚች ቮልስ ነው የምድራት» ብሎ በሰው ፊት ምሏል። የመንዝ ሰው ደግሞ አንዴ ከማለ ማለ ነው። ጋራዥ ያለው ደብረ ብርሃን ነው፤ ተመልሳ ትጫን ማለት ለዚያ ለሳቀው ግማሽ እጅ መስጠት ሆነበት። ስለዚህ መዶሻ አነሣ።

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ አገር የጨዋ ልጅ ያርሳል፣ ይቀድሳል፣ ይዘምታል፣ ከባሰበትም ይለምናል፤ ብረት ግን አይመታም። ብረት የሚመታ ቀጥቃጭ ነው። ቀጥቃጭ ደግሞ ማረሻህን ያበጅልሃል እንጂ ከማዕድህ አይቀርብም፣ ከዘሩም አትጋባም። ካድሬዎቹ በየስብሰባው «ይህ የፊውዳል አመለካከት ነው» እያሉ ጉሮሯቸው ደረቀ። ሰዉም በደንብ ያጨበጭብና ቤቱ ገብቶ እንደ ድሮው ያስባል።

ቅጣው ብረቱን የመታው በእልህ ነበር። ጉድጓዱን ከውስጥ ሲመታው ወደ ውጭ አበጠ፤ እብጠቱን ከውጭ ሲመታው ሌላ ቦታ ጎደጎደ። ሳምንቱን ሙሉ ታግሎ በሯን ከድሮዋ አስከፋት። በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ከከተማው ጫፍ ወደሚኖረው ቀጥቃጭ፣ ወደ ወዳጆ ሄደ። ወዳጆ መጀመሪያ ሊያላግጥበት የመጣ መስሎት ነበር። መጥቶ በሩን ካየ በኋላ ግን ከት ብሎ ሳቀ።

«ጋሽ ቅጣው፣ እርስዎ የመቱት ንዴትዎን ነው እንጂ ብረቱንስ አይደለም። ላሜራ ስስ ነው፤ በኃይል ሲመቱት ይለጠጥና መግቢያ ያጣል። ከጀርባው ከባድና ድቡልቡል ነገር ይደግፉለት፣ ከፊት በቀስታ ያንኳኩት።»

ከባድና ድቡልቡል ነገር! ቅጣው ግቢውን ሲቃኝ ዓይኑ የሚስቱ የዘነበች የድንጋይ ወፍጮ ላይ አረፈ። ወፍጮው ላይ ያለው መጅ ዕድሜ ልኩን ገብስ ሲዳምጥ ኖሮ ሆዱ ልስልስ ብሏል።

«መጄን?» አለች ዘነበች። «ለመኪና? ምን በልተህ ልታድር ነው?»

እነሱ ሲከራከሩ አሰጋሽ መጁን አንሥታ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀምጣ ነበር። «አባባ፣ ደግፌያለሁ፤ ምታ» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙሽሪት ከውስጥ መጁን ትደግፋለች፣ አባት ከውጭ ያንኳኳል፣ ወዳጆም ሥራውን ሲጨርስ ብቅ እያለ ያርማቸዋል። በሩም ፓራፋንጎውም ቀስ በቀስ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ቅጣው ደስታው ልክ አጣ። ወዳጆንም ከራሱ ገበታ አቀረበውና አብረው በሉ፤ ዘነበችም ትንሽ ተግደርድራ ወጡን ጨመረችላቸው።

ወሬ ግን እግር አያጣም። ከግራዝማች ዘንድ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ስለ ከብቱም ስለ ውርጩም ከተጠያየቁ በኋላ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ግራዝማች ‹ከቀጥቃጭ ቤት ሙሽራ አላመጣም› ብለዋል። እኛ ግን ሽማግሌ ነን፣ ነገር እናበርዳለን። ‹የቀጠቀጠው ወዳጆ ነው፣ እኔ ቆሜ ነው ያሠራሁት› በል። በዚህ ይለቅ።»

ወዳጆ ከመኪናዋ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም ይሰማል። «ይበሉ ጋሽ ቅጣው» አለ ቀና ሳይል። «እኔ እንደሆን የቀጥቃጭነቱ ስም አለኝ። አንዲት ቮልስ ብትጨመርበት አይከብደኝም።»

ቅጣው ልጁን አየ። አሰጋሽ ፈንታን ትወደዋለች፤ ይህን ደግሞ ከእናቷ ፍየሎች በቀር የማያውቅ የለም። ፀጉሯ ጎድጓዳውን በደፈኑበት የስቱኮ ብናኝ ነጭቶ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ጨብጣ ቆማለች። አንድ ቀላል ውሸት ነበር የሚያስፈልገው። ቅጣው ፈራ፤ እውነቱን እንናገር፣ በጣም ፈራ። ከዚያ ወዳጆ መሬት መሬት ሲያይ አየውና ደሙ ፈላ።

«የቀጠቀጥኩት እኔ ነኝ» አለ። «በዚሁ እጄ። እሱ አስተማረኝ፣ እኔ ሠራሁ።»

«መጁን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አለች አሰጋሽ። ወደ ሽማግሌዎቹም አንድ እርምጃ ቀረበች። «ግራዝማች ቅዳሜ ለገበያ ይምጡና ስብራቱን በእጃቸው ይፈልጉት። ካገኙት እኔው ራሴ ከሰርጉ እቀራለሁ። ካጡት ግን ሰርጌ ሰርግ ነው፤ ከሙሽራ መኪናው ፊት ወንበርም የሚቀመጠው ጋሽ ወዳጆ ነው!»

ሽማግሌዎቹ አፋቸውን ይዘው ሄዱ። ግራዝማችም በሴት ልጅ ተፈትነው እምቢ የሚሉ ሰው አይደሉም፤ እመጣለሁ አሉ።

አሁን ቀለሙ ቀረ። ቅጣው ቀይ ሊገዛ ደብረ ብርሃን ወርዶ ነበር፤ «ቀዩን ሁሉ የአብዮት በዓል ጨርሶታል» ስላሉት ነጭ ይዞ ተመለሰ። መርጫው የቤት ተባይ የሚረጭባት የፍሊት ፓምፕ ነበረች። መጀመሪያ የተቀባች ዕለት ዘነበች ደጃፍ ተቀምጣ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትል ነበርና፣ ነፋሱ ብናኙን አምጥቶ በእርጥቡ ቀለም ላይ ለጠፈው። ቮልሷ ጠጉር አበቀለች። ቅጣው ሊያለቅስ ደረሰ። አሰጋሽ ባልዲ ውሃና የብርጭቆ ወረቀቷን አምጥታ መፈግፈግ ጀመረች።

ሁለተኛው ጊዜ በጎቹ ከግቢ ተባረሩ፣ እንዝርቱ ተደበቀ። ዘነበች ራሷ እንስራ ተሸክማ አቧራው እስኪተኛ ግቢውን አጠጣች። ውርጩ ከለቀቀ በኋላ፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ቅጣው ትንፋሹን እየያዘ ረጨ።

ቅዳሜ ገበያው ገበያነቱን ትቶ ቮልሷን ከበበ። ግራዝማች ከበቅሏቸው ወረዱ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ መዳፋቸውን ከኮፈኑ ጀምረው አሳለፉ። ፓራፋንጎውን ዳሰሱ፣ በሩን ዳሰሱ፣ ጎንበስ ብለው በአግድም አዩ። የራሳቸውን ጥምጥም አዩበት እንጂ ሌላ ምንም አላዩም። ዞረው ደገሙ። በድንገት ቆሙና በጣታቸው ተጭነው ጮኹ፦

«ይኸው! እዚህ ጋ ነው!»

አሰጋሽ ወደ በሩ ሮጠች። ቅጣው ግን አንገቱን አስግጎ አየና ሳቁ አመለጠው። «ግራዝማች፣ እሱ እኮ የግራው በር ነው። እሱንስ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ መዶሻ ነክቶት አያውቅም!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማች ለመቆጣት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። «በቃ ተረታሁ» አሉ። «ሰርጉ በቀኑ ነው። ግን ልጆቼ፣ ከፊት እኔ ብቀመጥስ?»

«ከፊት የወዳጆ ነው» አለች አሰጋሽ።

በሰርጉ ዕለት የሙሽራው አባት በወጉ እቤታቸው ሆነው ሙሽሪትን መጠበቅ ነበረባቸው። ግራዝማች ግን ከልጃቸው ጋር ገና በጠዋት ሞላሌ ተገኙ፤ መኪናዋ ሳትወስደኝ እንዳትሄድ ብለው ነው። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ስለሆነች ከኋላ የሚገባ ሰው የፊተኛውን ደጅ መጥናት አለበት። ወዳጆ በነጭ ጋቢው ወረደ፣ ወንበሩን አጠፈ፤ ግራዝማች ካባቸውን ሰብስበው አጎንብሰው ገቡና ከሙሽሮቹ ጎን ተጣበቁ። ወዳጆ ወንበሩን መልሶ ከፊት ተሰየመ። ዘነበች መጇን በነጠላ ጠቅልላ በመስኮት ለልጇ አቀበለች፤ «እኔ ሌላ አስወቅራለሁ» አለች እያለቀሰች።

እልልታው መንገዱን ሞላው። አንድ የማያውቃቸው መንገደኛ ከዳር ቆሞ «እንዴት ያለች መኪና ናት! ማን ሠራት?» ብሎ ጮኸ። ቅጣው ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ ግራዝማች ገሠሠ ከኋላ ተንጠራርተው፣ በወዳጆ ትከሻ ላይ ተደግፈው አንገታቸውን በመስኮቱ አውጥተው ጣታቸውን ወደ ቅጣው ቀሰሩ።

«ቀጥቃጩ አማቼ ነው!» አሉ፣ ሸለቆው እስኪያስተጋባ።